ዲሊት ካደረግነው በኋላ ምን ይቀራል?

«ዲሊት አድርገው በቃ!»

በቀን ስንቴ እንደምንላት ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ፎቶ ዲሊት፣ ሜሴጅ ዲሊት፣ ስልክ ቁጥር ዲሊት፣ አፕ ዲሊት። ከተኳረፍነው ጓደኛችን ጋር የተነሳነው ሰልፊ ዲሊት። ሰው እንኳ ሳይቀር «ከሕይወቴ ዲሊት አድርጌዋለሁ» ይባልበታል። አንዲት የእንግሊዝኛ ግስ የአሥር ግስ ሥራ ተሸክማ ከስልክ ስልክ ትዞራለች።

በአማርኛ ግን ነገሩ እንዲህ አንድ ወጥ አይደለም። ሰረዘ፣ ፋቀ፣ ደለዘ፣ አጠፋ፣ አነሳ፣ አስወገደ፣ አራገፈ፣ ነቀለ፣ ሻረ፣ አፈረሰ፣ ደመሰሰ። ሁሉም «ማስወገድ» የሚል ዘመድ ቢኖራቸውም አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። ልዩነታቸውን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ነገሩ ከሄደ በኋላ ምን ይቀራል? የተሰረዘ ቃል ከተሰመረበት ሥር ይነበባል። የተፋቀ ቃል ጠባሳ ይተዋል። የተነሳ ዕቃ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። የተነቀለ ተክል ከነሥሩ ሄዷል። የተደመሰሰ ደግሞ ምልክቱም አይገኝም።

እኔ ያደግኩት ሐይቅ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትወጡ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምታገኟት ከተማ ናት። ከእሷ አለፍ ስትሉ አምባሰል ነው። እነዚህ ሁለት ጎረቤታሞች ለዛሬው ጨዋታችን የሚሆን ነገር አላቸው። በአንዱ ብራና ሲፋቅና ሲጻፍ ኖሯል። በሌላው ደግሞ በአንዲት ግስ ምክንያት ሁለት መንግሥታት የተጣሉበት ውል ተፈርሟል።

የተፋቀ ሁሉ አልጠፋም

ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው ስትወርዱ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ ከአገሪቱ ታላላቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ቦታዎች አንዱ ነው። በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚታወቀው የብራና ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈ ነው። ከ700 ዓመት በላይ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ያነሳነው ፎቶ የት እንደገባ ለማናውቅ ሰዎች ይህ ትንሽ ያሳፍራል።

ብራና እንዴት እንደሚዘጋጅ ታውቁ ይሆናል። ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ከዚያ ሥጋውና ፀጉሩ ይፋቃል። ጽሑፉ የሚጀምረው በመፋቅ ነው። ጸሐፊው ቢሳሳትም መፍትሔው ያው መፋቅ ነው፤ በስለት ቀለሙን ላጥ ላጥ አድርጎ በላዩ እንደገና ይጽፋል። ወይም ቆዳውን ላለመጉዳት ከተሳሳተው ቃል በላይና በታች ጭረት ያደርግና ያልፈዋል። ጭረቱን ያየ አንባቢ «ይህ አይነበብም» ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ቃሉ ግን እዚያው አለ።

ሦስተኛው መንገድ መደለዝ ነው። በተጻፈው ላይ ሌላ መጻፍ ወይም ቀለም መለቅለቅ። ማመልከቻ አስገብታችሁ ወይም ውል ፈርማችሁ የምታውቁ ከሆነ «ሥርዝ ድልዝ የሌለበት» የምትለዋን ሐረግ ሰምታችኋል። ሁለቱ ቃላት አብረው የተጠሩት ለጌጥ አይደለም። ሥርዝ «እዚህ ላይ የተተወ ነገር አለ» ብሎ በግልጽ ይናገራል። ድልዝ ግን የነበረውን ሸፍኖ ሌላ ያሳያል። 3,000 የነበረችው 8,000 የምትሆነው በድልዝ ነው።

መፋቅም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። የግሪኩን ሊቅ የአርኪሜዲስን ነገር እንደ ምሳሌ ውሰዱ። ሥራዎቹ በ10ኛው መቶ ዘመን ብራና ላይ ተገለበጡ። በ13ኛው መቶ ዘመን ብራና ያጠረው ሰው ጽሑፉን ፍቆ ጸሎት ጻፈበት። እ.ኤ.አ. ከ1998 በኋላ ግን ባለሙያዎች በልዩ ልዩ የብርሃን ዓይነት ፎቶ እያነሱ ከጸሎቱ ሥር ያለውን ሒሳብ አነበቡት። 700 ዓመት ዲሊት ተደርጎ የቆየ ፋይል ተመለሰ በሉት።

ስልካችሁም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ ፋይል ስታጠፉ ስልኩ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ከማውጫው ላይ ስሙን ሰርዞ «ይህ ቦታ ባዶ ነው፣ ሌላ መጻፍ ይቻላል» ብሎ ማስታወሻ መያዝ ነው። ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ሊቆይ ይችላል። ሚሞሪ ካርድ ላይ ደግሞ ይህ በጣም እውነት ነው። «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ብላችሁ የሸጣችሁት ካርድ ውስጥ የነበረ ፎቶ በቀላል ሶፍትዌር ሊወጣ ይችላል። በየሱቁ «የጠፋ ፎቶ እንመልሳለን» የሚል ጽሑፍ የምታዩት ለዚህ ነው። የጠፋ ቢሆንማ ከየት ይመልሱታል?

ስለዚህ ስልክ ስትሸጡ ፎቶ በፎቶ ማጥፋት አይበቃም። ካርዱን አውጡና ለራሳችሁ አስቀሩት። ከጉግል አካውንታችሁ ውጡ፤ ካልወጣችሁ ገዢው ስልኩን ከፍቶ መጠቀም ላይችል ይችላል። ከዚያ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሱት። አዳዲስ ስልኮች ይዘታቸውን በቁልፍ ቆልፈው ስለሚያስቀምጡ በዚህ ጊዜ ቁልፉ ራሱ ይጣላል፤ የቀረው ነገር ቢገኝም አይነበብም። «ደመሰሰ» ለማለት የሚያስደፍረው ይሄኛው ነው።

ተንሸራታቿ «አጠፋ»

ከሁሉም ግሶች የምታስፈራኝ «አጠፋ» ናት። መብራት እናጠፋለን፤ ማታ ተመልሶ ይበራል። ስልክ እናጠፋለን፤ ጠዋት ይከፈታል። ፎቶ እናጠፋለን፤ ይሄኛው አይመለስም። ገንዘብ እናጠፋለን። ጥፋት ስንሠራም «አጠፋሁ» እንላለን። አንዲት ቃል የሚመለሰውንም የማይመለሰውንም ይዛለች።

ባለፈው ክረምት ሐይቅ ቤተሰብ ጥየቃ ሄጄ ጎረቤት ቡና ተጠራሁ። የቤቱ እመቤት ልጃቸው ጅዳ ናት። የቤት ሠራተኛ ሆና ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። ፊደል ስለማይቆጥሩ ልጅቷ የምትልክላቸው በዋትሳፕ ድምፅ ነው፤ እሳቸውም ደጋግመው ያዳምጡታል። እኛ ስንገባ የልጅቷ ድምፅ ጮክ ብሎ እየተሰማ ነበር። እመቤቲቱ ስኒ ይዘው ለዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው፣ «አንቺ፣ እሱን አጥፊልኝ፣ እንግዳ መጥቷል» አሏት። ልጅቷ ታዛዥ ናት። ጣቷን ጫን አድርጋ ያዘች፣ ሁሉንም መረጠች፣ የቆሻሻ ቅርጫቷን ነካች። «አጠፋሁት!» አለች። «እሰይ የኔ ልጅ» ተባለች።

ያወቅነው ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ነው። እመቤቲቱ አንዱን መልእክት ሊያሰሙኝ ስልኩን ሰጡኝ፤ ባዶ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «አብሽሩ እማማ፣ የላከችው በእሷ ስልክ ላይ ይኖራል» አልኳቸውና ወደ ጅዳ ደወልን። እውነትም የቅርብ ጊዜዎቹ ነበሩ፤ ያን ማታውኑ መልሳ ላከቻቸው። ነገር ግን ሁለተኛው ዓመት ላይ ስልክ ቀይራ ስለነበር ከዚያ በፊት ያሉት አልተገኙም። በመጀመሪያው ሳምንት «ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ» ያለችበትም ከነሱ ጋር ሄደ።

ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። የተባለችውን ቃል በቃል ፈጸመች። አያቷ «ዝጊው» ወይም «አቁሚው» ማለታቸው ነበር፤ ስልኩ ላይ ግን «አጥፋ»ም «ሰርዝ»ም አለ። ከሕፃን ጋርም ሆነ ከስልክ ጋር ስትነጋገሩ ሁለት ትርጉም ያለውን ግስ ባታቀብሉ ይሻላል።

ስልካችሁ የሚናገረው አማርኛ

ስልካችሁን ወደ አማርኛ ቀይራችሁት ታውቃላችሁ? ብዙ ወጣት «ይከብዳል» ብሎ ይመልሰዋል። እኔ ግን እንደ ጨዋታ ለአንድ ወር ሞክሩት እላለሁ። የስልኩ ዓይነት ሊለያየው ቢችልም አንድሮይድ ላይ እነዚህን ታገኛላችሁ።

«አራግፍ»፦ አፕን ከስልክ ማውረድ ነው። «ጫን» ከሚለው ጋር ጥንድ ሆኖ የመጣ ነው፤ አህያ ይጫናል፣ አህያ ይራገፋል። ቃሉም እውነቱን ይናገራል፦ ጭነቱ ወረደ እንጂ አልወደመም። ፌስቡክን ብታራግፉ አካውንታችሁ፣ ፎቶዎቻችሁና አስተያየቶቻችሁ እንዳሉ ናቸው። «ፌስቡክ አጥፍቻለሁ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያራገፈ ሰው ነው።

«አስወግድ»፦ ከዝርዝር ወይም ከዚህ ስልክ ላይ ማውጣት ነው። አንድን አካውንት ከስልካችሁ ብታስወግዱት በሌላ ስልክ ትገቡበታላችሁ።

«አሰናክል»፦ አፑ አለ፣ ግን አይሠራም። ተኝቷል በሉት።

«አጽዳ»፦ እዚህ ላይ ቀስ በሉ። መሸጎጫ ማጽዳት ቤት እንደመጥረግ ነው፤ ጉዳት የለውም። ማከማቻ ማጽዳት ግን ዕቃውን ከነቁም ሳጥኑ ማውጣት ነው፤ አፑ ገና ዛሬ የተጫነ ይመስል ባዶውን ይቀራል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ስንቱ ተሸውዶባቸዋል።

«ይቅር»፦ ከሁሉም የምወዳት ይህች ናት። ገና ያልሆነን ነገር የምታስቆም፣ ምንም የማታስከፍል ቁልፍ። የይቅርታም ቃል መሆኗ ደስ ይለኛል።

«ሰርዝ»፦ ዋናው ዲሊት ይሄ ነው፤ ግን የት እንደሰረዛችሁት ይወስናል። ጉግል ፎቶስ ላይ ክላውድ የገባን ፎቶ ብትሰርዙ ከክላውዱም፣ በዚያ አካውንት ከተያያዙ ስልኮቻችሁም ይወጣል። ወደ መጣያው ይገባና 60 ቀን ይቆያችኋል፤ ክላውድ ያልገባ ከሆነ 30 ቀን። ቦታ ብቻ ከፈለጋችሁ «ስልኩ ላይ ቦታ ማስለቀቅ» የሚለው ሌላ አማራጭ አለ፤ ፎቶው ከስልኩ ይወርዳል፣ ክላውዱ ላይ ይቀራል።

ዋትሳፕ ላይ «ለሁሉም» ብላችሁ ስትሰርዙ የሁለት ቀን ተኩል ገደማ ጊዜ አላችሁ፤ ደግሞም «ይህ መልእክት ተሰርዟል» የሚል ምልክት ይተዋል። ይህ እንደ ብራናው ጭረት ነው፤ ቃሉ ባይነበብም የሆነ ነገር እንደነበር ተቀባዩ ያውቃል። ቴሌግራም ላይ ግን በግል ወሬ የቆየውንም መልእክት ከሁለቱም ወገን ማንሳት ይቻላል፤ ምልክትም አይቀርም። የትኛው ይሻላል? እንደ ጉዳዩ ነው። ሆኖም ስክሪንሾት የተነሳን ነገር ሁለቱም አይደርሱበትም።

ሰው ሲነሳ፣ ሰው ሲሻር

ዜና ስታነቡም ግሱን ልብ በሉ። ባለሥልጣን «ከኃላፊነት ተነሱ» ከተባለ ሌላ ቦታ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ የተነሳ ዕቃ የሆነ ቦታ ይቀመጣልና። «ተሻሩ» ከበድ ይላል። «ተሰናበቱ» ሲባል የሸኛቸው ያለ ይመስላል። «ተባረሩ» ሲባል ግን ሸኚ የለም። ሕግም እንዲሁ ነው። አንድ አንቀጽ «ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል» ይባላል፤ አንድ አዋጅ ግን «ተሽሯል»። የተሻረ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ የሄደው ጉልበቱ ብቻ ነው።

እኛ ደግሞ «ከግሩፕ ሪሙቭ አደረገኝ» እንላለን። አስወጣኝ ነው? አባረረኝ ነው? ወይስ ግሩፑን ሲያጸዳ ስሜ አብሮ ተጠረገ? በዚህች ልዩነት የተበላሸ ጓደኝነት ብዙ ነው። ከመኳረፋችሁ በፊት ግሱን ጠይቁ።

ውጫሌ፦ አንዲት ግስ

አሁን ከሐይቅ ወደ አምባሰል እንለፍ። የወረዳዋ መቀመጫ ውጫሌ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በጣሊያኑ መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል የውጫሌ ውል የተፈረመው በዚሁ አካባቢ ነው። ታሪኩን ትምህርት ቤት ተምራችሁታል፤ በግስ ዓይን ግን ደግማችሁ እዩት። በአንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ የጣሊያንን መንግሥት አጋዥ ማድረግ ይቻላቸዋል ይላል። የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ሆነ፤ ሮም ላይም እንደ ግዴታ ተተረጎመ። «ይቻላል»ን አንስቶ ግዴታን መተካት ማለት ነው። ጣሊያን በዚህ ይዞ ለአውሮፓ መንግሥታት ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለ።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ የማስወገድ ጥያቄ ነበር። አንቀጹ ይታረም? ይሰረዝ? ወይስ ውሉ እንዳለ ይፍረስ? ምኒልክ መጀመሪያ ስሕተቱ እንዲታረም ጠየቁ። አልሆነም። በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉት ለኃያላኑ መንግሥታት አስታወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ሆነ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌው ውል ለዘለዓለሙ ተሰረዘ፤ ጣሊያንም የኢትዮጵያን ፍጹም ነፃነት ተቀበለ። አንዲትን ግስ ለማስነሳት ሰባት ዓመትና የስንት ሰው ሕይወት ፈጀ።

የዛሬው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በውል ጉዳይ ላይ ግሶቹን ይለያል። ውሉ ሲደረግ ጀምሮ ጉድለት ካለው፣ ለምሳሌ በማታለል ወይም በኃይል ፈርማችሁ ከሆነ፣ ይፈርሳል። ውሉ ደህና ሆኖ ሌላኛው ወገን ግዴታውን አልፈጽም ካለ ይሰረዛል። የቤት ኪራይ ወይም የሥራ ውል ያላችሁ ወጣቶች «ውሉን ዲሊት እናድርገው» ከማለታችሁ በፊት ይህን ያዙ። ማስረጃ የምታቀርቡት በመረጣችሁት ግስ ልክ ነው።

ከመንቀል በፊት ማረም

አምባሰል ገበሬ አገር ነው። ገበሬ ደግሞ ሁለት ግስ አያምታታም፦ መንቀልና ማረም። ማሽላ ውስጥ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ የሚነቅል ማሳውን ባዶ ያስቀራል። የሚያርም ግን ሰብሉን ለማዳን ሲል አረሙን ብቻ ያወጣል። አማርኛ ይህንኑ ግስ ለጽሑፍም ሰጠው፤ ፈተና ይታረማል፣ መጽሐፍ ይታረማል፣ እርማት ይወጣል።

ስልክ ላይም ይሠራል። አንዲት ፊደል ተሳስታችሁ ሙሉ መልእክቱን ከምትሰርዙ አርሙት። ዋትሳፕ ለማረም 15 ደቂቃ ይሰጣችኋል፤ ቴሌግራም 48 ሰዓት። ታርሟል የሚል ምልክት ይኖረዋል፤ ይኑረው። ከተሰረዘ መልእክት ይልቅ የታረመ መልእክት ያነሰ ጥርጣሬ ያስነሳል። ከጓደኛ ጋር ያለ ፀብም አብዛኛው ማረም እንጂ መንቀል አይፈልግም።

መነቀል ያለበትም አለ። ያለ ፈቃዳችሁ የተለጠፈ ፎቶ፣ በእናንተ ስም የተከፈተ የውሸት አካውንት፣ የማያስፈልገው ድርጅት የያዘው የመታወቂያ ቅጂ። እዚህ ላይ ሕግም ከጎናችሁ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ባለ መረጃው የተሳሳተው እንዲታረምለት፣ ሁኔታው ሲሟላም እንዲጠፋለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስትጠይቁ ግን ጥርት አድርጋችሁ ጠይቁ። «አንሱልኝ» ካላችሁ ከገጹ ላይ ያነሱትና ኮምፒውተራቸው ውስጥ ያስቀሩታል። «ከማኅደራችሁም ጭምር ደምስሱልኝ» በሉ።

የሐይቁ ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ የቆየው ብራናው ስለጠነከረ ብቻ አይደለም። ትውልድ በትውልድ የጠበቁት ሰዎች ስለነበሩ ነው። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሳት ሲጀምሩም ይህ ወንጌል ቁጥር 1832 ሆኖ ተቀድቷል። በእኛ አነጋገር ባክአፕ አለው።

የእናታችሁ ድምፅስ? ሳዑዲ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ያለች እህታችሁ የላከችው? ዛሬ ማታ ዋትሳፕ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ባክአፑ መብራቱን እዩ። የእናንተን ስትጨርሱ የእናታችሁንም ስልክ ተቀበሏቸውና እዩላቸው።